የዋጥኩት ሳል

ይህን የምትጽፍልኝ አዚዛ ናት፣ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ልጄ ሆይ፣ እንዴት ነሽ? የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? በሽተኞችሽስ እንቅልፍ ይሰጡሻል? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልል ነበር። አዚዛ ቀና ብላ አየችኝ።

ባለፈው ከስልጠና እንደተመለስሽ ደውለሽ፣ ስለምውጠው የደም ግፊት ኪኒን ለሐኪሞች አዲስ ማሳሰቢያ መጣ አልሽኝ። ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ከንፈርና ምላስ ካሳበጠ ግን አደገኛ ነው፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው አልሽ። ያስልሃል ወይ አባዬ? ብለሽ ጠየቅሽኝ። አያስለኝም አልኩሽ። ሳሉን ውጬ ነው የመለስኩልሽ።

ያስለኛል፤ ከፋሲካ ወዲህ አልተወኝም። የማኅበራችን ዕለት፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ የተበተኑት ሁሉ መጥተው፣ ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እኔን ዘለለኝ። ታዲዎስ በፕላስቲክ ኩባያ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ለሁላችንም ጤና ነው፣ አትቀየም አለኝ። ለካ ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል ብለው አምተውኛል። ቄራ ስንቱን ኮርማ የጣልኩ ሰው፣ ለብቻዬ በኩባያ ጠጣሁ።

የኪኒኑ ነው ማለት አቅቶኝ አይደለም። ስጀምረው ግን ልጄ ናት ያዘዘችልኝ እያልኩ ሰፈሩን ያዳረስኩት እኔው ነኝ። ታዲዎስን ታውቂዋለሽ፤ የገዛ ልጁ አሳመመችው ብሎ ወሬውን ስታዲየም ያደርሰዋል። ሳንባ ይበሉኝ ብዬ ተውኩት።

አንቺ እንዳትጸጸቺ። ስታዢልኝ ያኔ የሚታወቀውን ይዘሽ ነው፤ አዲሱን ስትሰሚ ደግሞ ሳታድሪ ጠየቅሽኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ከንፈሬ አብጦ ተነሣሁ። ንብ ነድፎኝ ነው ብላት፣ አዚዛ፦ አባባ፣ በዚህ ዝናብ የምን ንብ ነው? ብላ ብዕሯን አስቀመጠች። ይደወልላት፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ትላለች። መጀመሪያ ጻፊ አልኳት። ያንቺን ቃል እስክሰማ ብዬ የዛሬውን ኪኒን አልዋጥኩም።

ቂርቆስ ከነእናቱ ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን።

አባትሽ

በይ አዚዛ፣ አንብቢልኝ። ቆይ፣ ደውዪና ለእሷው አንብቢላት፤ እኔም አብሬ እሰማለሁ። እኔ ምላሴ ከብዶኛል።