በሽማግሌው ጀርባ ላይ የቀባሁት

ውድ አናጢዬ፣

ለማንም ተንፍሼው የማላውቀውን ልንገርህ። ሽማግሌውን ቫርኒሽ የቀባሁት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል በተኛህ ጊዜ ቤቱ ጭር አለብኝ። ሽማግሌው ያልከው ኤሊህም ከሥራ ጠረጴዛህ ሥር፣ ከሳፋው ውስጥ አንገቱን አስግጎ በሩን በሩን ያያል። ስትመለስ ደስ ይበልህ ብዬ፣ እንደ ወንበሮችህ እንዲያብረቀርቅ ጀርባውን ሁለት እጅ ቀባሁት። አምሮበት ነበር እኮ!

አንተ ስትመጣ ግን ቫርኒሹ ተነፋፍቶ፣ ከሥሩ ውሃ ገብቶ፣ ቅርፊቱ ነጣ ነጣ እያለ መሽተት ጀምሯል። ልጃችን አፍንጫዋን ይዛ "ኧረ ይሄ ምን ሆነ?" አለች። አንተ ወደ መስኮቱ አስጠግተህ አየኸውና "ስሠራ ቫርኒሽ አፍስሼበት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልካት። እኔ ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ስምንት ቀን አለፈ። በዘጠነኛው አንተ የለህም።

በጋዜጣህ ፊደል ስለቃቅም "ፕሮፌሰሯ" እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? አንተ ካረፍክ በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ ያዋሰኝን የኤሊ መጽሐፍ በጣቴ እየተከተልኩ በሁለት ወር ጨረስኩት። ቫርኒሹን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ በጥፍሬ ላጥኩለት። የታመመውን ቦታ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የቀጠነ አዮዲን እቀባዋለሁ። ቀኑን ደረቅ ላይ ይውላል፤ ውሃ የሚገባው ሊበላና ሊጠጣ ብቻ ነው። ፀሐይ በመስታወት በኩል እንደማትጠቅመው ካነበብኩ ወዲህ ደጅ አውጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ሦስት ዓመት ፈጀ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ቅርፊቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

"እማማ፣ ድንጋይ ሆኗል እኮ! ማነው ያከመው?"

"እኔ ነኛ።"

"እኔን ሥራ ሊያስፈቱኝ ነው እንዴ?"

ወደ ቤት ስመለስ ሳፋውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ነው የያዝኩት። ሰው ቢያየኝ ይየኝ!

አንድ ነገር ቀረኝ። መጀመሪያ የላጥኩት ልጣጭ ላይ የብሩሽ መስመር አለ፤ ቀጥ ያለ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ ባንድ አቅጣጫ የተሳበ። የፈሰሰ ቫርኒሽ መስመር የለውም። አርባ ዓመት ስትቀባ የኖርክ ሰው ይሄ ይጠፋሃል? አውቀህ ነው የሸፈንከኝ።

ልጃችን ግን ዛሬም ሽማግሌውን ባየችው ቁጥር "አባዬ ለሳንቃው ነበር የሚጠነቀቀው፤ ነፍስ ያለውንማ እንዲህ አደረገው" ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ያዳንኩትን ለሐኪም በኩራት ተናግሬ ያበላሸሁትን ለልጄ መደበቅ አሁንስ አሳፈረኝ።

ልጣጩን ጠብቄ አቆይቼዋለሁ፤ እዚህ ገጽ መሃል አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ይህን ወረቀት በእጇ የምትቀበለው ልጃችን ናት።

ፕሮፌሰሯ