የክንዴና የእንቅልፌ ነገር

ለታላቅ እህቴ፣ ፖርት ሱዳን፤

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? የባሕሩ ወበቅ በረደላችሁ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ በእርግጥ ደህና ነኝ።

«ክንድሽ ሴቶቹ የሚጎናጸፉትን ቶብ ዘርግቶ ማሳየት ካቃተው ሱቁ ምን ያደርግልሻል? ለባለቤቴ አስረክቢና እኔ ጋ ነይ» ብለሽ ስትጽፊልኝ አልተቀየምኩሽም። እውነትሽን ነበር። ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ ብሎ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ቶብ ደንበኞቼ ራሳቸው ያወርዱ ነበር። ቅባቱንም፣ ክኒኑንም፣ በሰሊጥ ዘይት መታሸቱንም ሞክሬያለሁ።

ግን ታውቂኛለሽ፤ ምክንያቱን ሳላውቅ ሱቅ አልዘጋም። የዕለት ማስታወሻዬ ላይ በየማለዳው ሁለት ነገር መጻፍ ጀመርኩ፦ እንዴት እንዳደርኩና ክንዴ እንዴት እንደሆነ። ከሁለት ወር በኋላ ሳነበው ያልጠበቅኩትን አገኘሁ። ከባድ ጣቃ ባነሳሁ ማግስት ክንዴ ደህና የሆነበት ጊዜ አለ። ስገላበጥ ባደርኩ ማግስት ግን፣ አንድም ነገር ሳላነሳ፣ ማበጠሪያ መያዝ ያቅተኛል። ሕመሙ እንቅልፍ ነሳኝ ስል፣ ለካ እንቅልፍ ማጣቱም ሕመሙን ያባብሰው ኖሯል። ገዳሪፍ ለሰርግ ሄጄ ምንጣፍ ላይ በተኛሁባቸው አራት ሌሊቶች ደግሞ የጻፍኩት «ተኛሁ። ክንዴ ደህና» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ አልጋ ሠሪውን ኦሼክን ጠራሁ። ከባለቤቴ ጋር ስንጋባ ያሠራነውን ሰፊውን የገመድ አልጋ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀብኝ። «አንቺ ሴት፣ ይሄ ገደል ነው እንጂ ምኑ አልጋ ነው! በዚህ በኩል ገመዱ ረግቦ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ በዚያ በኩል ትናንት የወጠርኩት ይመስላል። ማንን እንዳትነኪ ነው ጠርዝ ላይ ተጣብቀሽ የምትተኚው?» አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመት እንደሞላው ትዝ ሲለው ደነገጠ። «ሥራህን ሥራ» አልኩትና ሻይ ላፈላ ገባሁ።

ገመዱን ሁሉ ፈትቶ እንደ አዲስ ወጠረው። የዚያን ቀን ማታ አልጋው መሃል ላይ ተኛሁ። መጀመሪያ ጭንቅ አለኝ፤ አልዋሽሽም። በሦስተኛው ቀን ግን የንጋቱ አዛን ሳልሰማው አልፎ፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ ወጥታ ቀሰቀሰችኝ። በወሩ ፀጉሬን ራሴ ጎነጎንኩ።

ሐሙስ ባለቤትሽ ቁልፍ ሊረከብ መጣ። «አይዞሽ፣ አንቺ እረፊ፤ ሱቁን ለኛ ተይው» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። አንዲት የሙሽራ እናት ቆማ ቶብ ትመርጥ ነበር። ቀዩን ከላይኛው መደርደሪያ በቀኝ እጄ አወረድኩና ከራሴ በላይ አንስቼ አንዴ ሳራግፈው እስከ በሩ ተዘረጋ። ሴትየዋ እልል አለች! ባለቤትሽ፣ «የመመለሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ምሳ አብልቼ ሸኝቼዋለሁ፤ አትቆጪው።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው። ለበዓሉ እጠብቅሻለሁ። ስትመጪ ትራስ ይዘሽ ነይ፤ አልጋዬ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሃል ላይ።

ታናሽ እህትሽ፣ ከከሰላ