ከል ለብሼ ወደ ልብስ ሱቅ

ሰኞ፣ ጥር ፫፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ተጠራሁ። አዲሱ ልብስ ሱቅ ጠራኝ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለጥያቄ ቅረቢ ተብያለሁ። ይቅርታ ማስታወሻዬ፣ እንዴት ዋልሽ እንኳ አላልሁሽ። ልብስ ሳሰጣ ነው ወሬው የደረሰኝ፤ እጄ ገና እርጥብ ነው፣ ቀለሙ ቢፈስብሽ አትቆጪ።

ባለሱቁ አቶ ኑሩ የተሰፋ የሴት ልብስ ከአስመራ አምጥተዋል። የደባርቅ ሴት ግን ወንድ ሜትር ይዞ ወደ ደረቷ ሲመጣ ትሸሻለች። ስለዚህ ሴት ሻጭ ይፈልጋሉ፤ ማንበብ መጻፍ የምትችል፣ ከሰው የምትግባባ። ለካ ጎንደር እስከ ፲ኛ ክፍል የተማርሁት ለዚህ ኖሯል። መግባባቱንማ ለእኔ ተዉት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር ፬

ልምምድ። ከልብስ ሰፊው ሜትር ተውሼ ያገኘሁትን ሁሉ እለካለሁ። በር። አልጋ። የጎረቤቴን የወ/ሮ አስካለን ጀርባ። ዕድሜዬን ሙሉ በክንድ ስለካ ኖሬ ሴንቲ ሜትሩ ያምታታኛል። አስካለ ባለሱቅ ሆና ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ይሄ ሜትር ለወሬሽ አይደርስም ብላ ሳቀችብኝ።

ቀጥላ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው አለችኝ። ወደ ልብሴ አየሁ። የለበስሁት ከል ነው፣ ከሻሽ እስከ ቀሚስ ጥቁር። የባለቤቴ ሙት ዓመት ገና መጋቢት ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር፤ ገዢው ሁሉ ሙሽራ። የትኛዋ ሙሽራ ናት ከሐዘንተኛ እጅ ቀሚስ የምትቀበል? ገዱ ያስፈራል። በጊዜዬ እኔም አልቀበልም ነበር።

ሜትሩን ጠቅልዬ አስቀመጥሁት።

ረቡዕ፣ ጥር ፭፣ ማታ

አስካለ መላ አምጥታለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ታውሰኛለች፤ ዓርብ ከሌን እንደ ለበስሁ እወጣለሁ፣ እሷ ቤት ገብቼ እቀይራለሁ፣ ስመለስ እንደገና ጥቁሬን። ሞከርሁት። ወገቡ ጠበብ ይላል፣ ግን ሰው መስያለሁ። ከመስታወቱ ፊት አልነሣም አልሁ።

ወዲያው አፈርሁ። ከልን ሰው በገዛ እጁ አያወልቅም። ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ ቀድማ እጇን የምታሳርፈውም የሟች እናት ናት። አማቴ እሜቴ ብርቅነሽ አብረውኝ ይኖራሉ። የሞተው ልጃቸው ነው። ከእሳቸው ሰርቄ ላውልቅ? ሥራውስ ይቅር? ወዲህ ብል ወዲያ ብል መውጫ የለም።

ሐሙስ፣ ጥር ፮

ነገርኋቸው። ስለ ሱቁ፣ ስለ ሙሽሮቹ፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ። የሰማያዊውን ቀሚስ ነገር ብቻ ዋጥሁት። እሜቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳ ዞሩ። እራትም አልቀመሱ። ምነው በተቆጡኝ። ለቁጣ መልስ አላጣም ነበር።

ዓርብ፣ ጥር ፯፣ ጠዋት

የአስካለ በር ክፍት ነው። ቀሚሱን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። እሜቴ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ።

አልቀይርም። ከነከሌ እሄዳለሁ። የሚመልሱኝ ከሆነ ይመልሱኝ።

ዓርብ፣ ማታ

አቶ ኑሩ ከፊቴ በፊት ልብሴን አዩ። ተቀመጪም አላሉኝ። አጣጥፊ አሉ፣ አጣጠፍሁ። ልክ ጠየቁኝ፣ አንዱን ሳትሁ። በዚህ መሐል ከጊች የመጡ እናትና ሙሽራ ልጃቸው ገቡ። እናትየዋ ገና ሲያዩኝ የልጅቱን ክንድ ይዘው ወደ በሩ ጎተቷት። ሥራዬ አብሯቸው ሲወጣ ታየኝ።

እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ጥግ ያዝሁ። «እናቴ፣ እጄ አይነካውም። ከዚሁ ሆኜ በዓይኔ ልለካላት» አልኋቸው። ቆሙ። ከዚያማ አፌን ማን ይያዘው። ትከሻው ሰፋ ያለውን አንሺ፣ ዞር በይ፣ ይሄ የአክስትሽ ይመስላል መልሺው። ልጅቱ ሳቀች፤ እናትየዋም እንደ ምንም ታግለው ሳቁ። ሁለት ገዝተው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

አቶ ኑሩ ጢማቸውን አሻሹ። «ምላስሽ ተቀጥሯል» አሉኝ። «እጅሽም እንዲቀጠር ከፈለግሽ ሰኞ ያለ ከል ነይ። ካልሆነ ከአንቺ በፊት የጠየቅኋትን የአዲ አርቃይዋን ሴት እወስዳለሁ።»

ቤት ገብቼ ለእሜቴ እንዳለ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

«ጠዋት አስካለ ቤት ጎራ ብትይ ኖሮ፣ መጋቢት ቢያልፍም አላወልቅልሽም ነበር» አሉ።

ለካ ያውቁ ኖሯል። የእኔና የአስካለ ግድግዳ አንድ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ማውራት አልችልበትም። ተነሥተው መጡና የሻሼን ቋጠሮ ፈቱት። የቀረውን ዘመድ ሲሰበሰብ አሉኝ። ሻሹን አጣጥፈው ያዙት። ሁለታችንም አለቀስን።

ነገ በማለዳ ለዳባት ዘመዶች በአውቶቡሱ ረዳት መልእክት እልካለሁ። ጠላ ለመጥመቅ ጊዜ የለም፣ ከጎረቤት እዋሳለሁ። ለአቶ ኑሩ፣ ሙስሊም ናቸውና፣ ሥጋ ያልነካው ሽሮ ለብቻ ይሠራል። አስካለ ሰማያዊውን ራሷ ትልበሰው። ከሌ የሚወልቀው እሑድ፣ ጥር ፱፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እኛ ቤት ነው። አብሮኝ ያለቀሰ ሁሉ ይምጣ፤ እሑድ ነው፣ ማንም እንዳይቀር።