የሐዋ ሃያ ብር

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ? ልጅ ሳለህ የገብስ አቧራ ሲነካው የሚያለቅስ ዓይን ነበረህ፤ አሁን ጨው በሚነጣበት ሜዳ ላይ ከዚያ ፀሐይ ጋር እንዴት ይሆንለት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሆድህስ? ያገሩ ውሃ ጨው ጨው ይላል ይባላል። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? የሚወስድህ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። እኔን ከጠየቅኸኝ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሽቅብ ነው እንጂ ቁልቁል አያስቸግረኝም።

ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳልልክልህ ዛሬ መጻፌ ምን ነካው ሳያሰኝህ አይቀርም። ትደርስበታለህ። በዚህ ወረቀት ላይ ስምህን አልጻፍኩም፣ የኔንም አልጻፍኩም። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ልጄ ስለሚል ልጄ ብዬሃለሁ። በፖስታም አልላክሁትም፤ በፖስታ የሚሄድ ወረቀት ከባለቤቱ በፊት ስንት ሰው እንደሚያነበው ማን ያውቃል? አስፋልቱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ በሃምሳ ሳንቲም ደብዳቤ የሚጽፈው ሰውዬ ጋም አልሄድኩም። አንድ ጆሮው ለደብዳቤው ነው፣ ሌላው ለወሬ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል አለችኝ፤ ሰርተፊኬቴም ግድግዳው ላይ ነው። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። አንብበህ ስታበቃ አቃጥለው። አመዱንም በትነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የእናትህን የዘሀራን ቀብር አላየህም። አላህ ይዘንላት፣ መጋቢት ላይ ዓመት አለፋት። አፈሩ ተመልሶ ሰዉ ሊበተን ሲል፣ እንደ አባቶቻችን ወግ ቆምኩና፣ ከዘሀራ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ቢኖር በኔ ላይ ነው፣ እኔ እከፍላለሁ አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። እውነቱን ልንገርህና፣ ይመጣብኛል ብዬ አልነበረም። በርበሬ ስትነግድ ኖራ ከሰው ሃምሳ ሳንቲም ያልተበደረች ሴት ናት ብዬ፣ በሰው ፊት እንዲያምርልኝ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አራት ሰው መጣብኝ። የደሴው ባለሱቅ ኑርሁሴን መቶ ስልሳ ብር አለኝ። ሰኞ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ኡሙሰልማ መቶ ሃያ አለችኝ። ማር ነጋዴው ቀለሙ መቶ ብር አለ። አራተኛዋ ሐዋ ናት፤ ያቺ ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮ እየሰበሰበች የምትሸጠው የእናትህ የልጅነት ጓደኛ። እሷ ሃያ ብር አለች። ድምሩ አራት መቶ። የመጋዘን ዘበኛ ደመወዝ ሃምሳ ብር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ወረቀት አላችሁ ወይ አልኳቸው። የለንም አሉ። ለምን ተበደረች አልኩ። ለንግዷ ነው አሉና አንገታቸውን ደፉ። መቼ ነው አልኩ፤ ይህን ለየብቻ እያደረግሁ ነው የጠየቅሁት። ሦስቱ አንድ ቃል ተናገሩ፤ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ አንድ ሰኞ ቀን። ያን ጊዜ፣ ያዝኳችሁ! አልኩ በሆዴ። ከሁለት ዓመት በፊት የሆነን ነገር ሦስት ሰው ቀኑን ሳይስት አንድ ዓይነት የሚናገረው ተማክሮ ሲመጣ ብቻ ነው። ሐዋ ደግሞ ረቡዕ ነበር አለች። እሷን የባሰ ጠረጠርኳት። ሲማከሩ ሳትገኝ ቀርታ ቀኑን የሳተች መሰለኝ።

አልከፍልም እንዳልል ቀብር ላይ የተናገርኩት ቃል አለ። ልክፈል ብል በአንድ ጊዜ ከየት አመጣለሁ? ኑርሁሴን ደግሞ መጋዘኑ በር ድረስ እየመጣ፣ በሠራተኛው ፊት ሰላምታውን ያስረዝምብኝ ጀመር። ጤናዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎ እንዴት ነው ይለኛል፤ እኔ ግን ገንዘቤስ እንዴት ነው ሲለኝ ነው የምሰማው። ይህን ያየ የቅሬያችን ጸሐፊ እንየው፣ ያ ጡረታ የወጣው ክርስቲያኑ ሰውዬ፣ ሳልለምነው ነገሩ ውስጥ ገባ። አራቱንም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አስወርዶ፣ ቀብሩንም ሐዘኑንም በአንድ በሚያነሳው ቅሬ ፊት አስቀመጠን።

ውሉ እንዲህ ነው። በየወሩ መጨረሻ ከደመወዜ ሃያ ብር ለእንየው አስረክባለሁ። እሱ ለኑርሁሴን ስምንት፣ ለኡሙሰልማ ስድስት፣ ለቀለሙ አምስት፣ ለሐዋ አንድ ብር አድርጎ ያደርሳል። በሃያ ወር ያልቃል። እነሱ በሬን አያንኳኩም፣ ገበያ ላይ ስሜን አያነሱም፣ አንድ ሳንቲም አይጨምሩብኝም። እኔ ሁለት ወር ካሳለፍኩ ውሉ ይፈርስና ሁሉም በየፊናው ይመጣብኛል። እስኪያልቅ ድረስም ከማንም አዲስ ብድር አልወስድም። የቆረቆረችኝ ይህቺ የመጨረሻዋ ናት። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ! እንየው በካርቦን አድርጎ ጻፈው። የጣት ቀለሙን ሲያቀርብልኝ ገፋሁትና ስሜን በፊደል ጻፍኩ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሰዉ ግን ጠበቀኝ።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ሦስቱስ ይሁን፣ አንዱ ላንዱ ይመሰክራል፤ ሐዋ ምስክር የላትም፣ ትማልልኝ አልኩ። የቅሬው ዳኛ፣ ኧረ ለሃያ ብር ሰው አናስምልም ብሎኝ ነበር። እኔ አልተመለስኩም። ቁርኣን መጣ። ሐዋ ውዱእ አድርጋ፣ ወላሂ ሃያ ብር ሰጥቻታለሁ አለች። ስትነሣ ሰው ደግፎ ነው ያስነሣት። ይህን ነገር ያዝልኝ።

እንየውንም ቢሆን አላመንኩትም። ያለ ደመወዝ የሰው ዕዳ የሚያመላልስ ሰው ምን አግኝቶበት ነው? ደብተሩን እንኳ በገዛ ገንዘቡ መግዛቱን ስሰማ ጥርጣሬዬ ባሰ። ስለዚህ ገንዘቡን ባስረከብኩ በሳምንቱ ደሴ እየወጣሁ፣ ደረሳችሁ ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። በሎንቺና አንድ ብር ከፍዬ የሐረጎን ዳገት እወጣና የሐዋ አንድ ብር መድረሷን አረጋግጣለሁ። ቀለሙ ይስቅብኛል፤ ጋሼ፣ እርስዎን ደግሞ የሚያጣራ ሰው እንቅጠር ወይ ይለኛል። ኡሙሰልማ አንድ ቀን መረራት። አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ስድስት ብሯ ትቅርብኝና ቅቤዬን ልሽጥበት፤ እርስዎ እዚህ ሲቆሙ ገዢው ጠብ መስሎት ይሸሻል አለችኝ። አሥራ አንድ ወር ከፈልኩ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ወጣሁ፣ አንድም ሳንቲም ጎድሎ አላገኘሁም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ብሽቅ አልኩ።

ረመዳን ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ሹፌር ከአሰብ ገባ። ቤቴ ዘልቆ በሩን ራሱ ዘጋው። ካፖርቱን ገልጦ ሦስት መቶ ሰማንያ ብር ቆጠረልኝ። ልጅዎ ነው የላከው፣ ዕዳ እየከፈሉ መሆኑን ነግሬው ነበር፤ እናቴ ለኔ ብላ የተበደረችው ነው፣ አባቴ ሊከፍለው አይገባም ብሏል አለኝ።

ልጄ፣ እኔ ያን ሰዓት ነው የሰማሁት። የወታደር ስም ዝርዝር የወጣ ጊዜ፣ ስምህ ከተጠራ ትሄዳለህ፣ የኔ ልጅ አይደበቅም እያልኩ በሰፈሩ ሁሉ መናገሬን አትረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ሐሙስ ጠዋት ስትጠፋ፣ ከጓደኞቹ ጋር መክሮ አዋረደኝ አልኩ። ለካ ለይለፍ ወረቀቱም ለመኪናውም የከፈለችው እናትህ ናት። እስክትሞት ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህ በቤቴ እንዳይነሣ ስከለክል፣ እሷ ወጥ እየጨመረችልኝ ዝም ብላለች። ልትከፍለው አስባ ነበር መሰለኝ፤ ድርቁ መጣና ገበያውን ገደለው፣ ከዚያ ደግሞ ሕመሙ መጣ። ለካ እነዚያ ሦስቱ ሰኞ ሰኞ ያሉት ተማክረው አልነበረም። ያቺ ሰኞ አንተ የሄድክበት ሳምንት ሰኞ ነበረች። ለኔ እንዳይነግሩ ቃል ያስገባቻቸው እሷ ናት። ከሞተችም በኋላ ጠበቁላት።

ሌላ አባት ቢሆን ይህን ጊዜ ያለቅሳል። እኔ ቆጠርኩ። ከአራት መቶ ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ሲነሣ ሃያ ይቀራል። ሹፌሩን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። እናቱ በልጅዎ ፊት ቆጥራ የከፈለችው ሦስት መቶ ሰማንያ ነው፣ አንድም አይጨምር አንድም አይቀንስ አለኝ። እንግዲያ ሃያዋ ብር የት ገባች? አገኘኋት አልኩ። ምስክር የሌላት፣ ሰኞ ሲባል ረቡዕ ያለች፣ ቁርኣን ይዛ የዋሸችኝ ሐዋ ናት።

በማግስቱ ጾሜን እንደያዝኩ ደሴ ወጣሁ። ሐዋ ግቢዋ ውስጥ ጠርሙስ ታጥባለች። ሰላም ሳልላት ጮህኩባት። ሌባ አልኳት። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እሷ አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ አደረቀችና፣ አንቱ ሰውዬ፣ አንዴ አስምለውኛል፣ ስንት ጊዜ ልማልልዎ አለችኝ። ዘሀራ ገበያ በሌለበት በረቡዕ ቀን መጣች አለችኝ። ስትመጣ ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ሐዋ፣ የቤቴ አይጥ ከበርበሬ ቅሌ ውስጥ ሁለት አስር ብር ወሰደብኝ፣ ነገ ሳይነጋ መሙላት አለብኝ ብላ ለመነችኝ። ጠርሙስ የምገዛበትን አንሥቼ ሰጠኋት፣ ይኸው ነው አለችኝ።

ልጄ፣ ያን አይጥ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ ለእናት አገር መዋጮ ቀበሌ ተሰብስበን ነበር። ከቤት ልወጣ ስል የበርበሬ ቅሏን ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት አልዋሽህም፤ አንዳንዴ ሳንቲም እንደምታኖርበት አውቅ ነበር። ከላይ ሁለት የታጠፉ አስር ብሮች አገኘሁ። ትርፏ ነው፣ የሷ ማለት የኔ ነው አልኩና ወሰድኩ። ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ሁለትና ሦስት ብር ሲያወጣ እኔ ተነሥቼ ሃያ ብር ሰጠሁ። ተጨበጨበልኝ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ተቀባዩ ብሮቹን ሲዘረጋቸው በርበሬው አስነጠሰው፤ ሰዉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤት ስገባ እናትህ ከጎረቤት ሰምታ ቆይታኛለች። ከየት አመጣኸው አላለችኝም። አላህ ይቀበልህ ነው ያለችኝ። በማግስቱ፣ ሚዛኔን ገበያ ረስቼው መጣሁ ብላ ደሴ ወጣች። እኔም፣ ለሚዛን ብለሽ የመኪና ታወጫለሽ ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

ሐዋ የአይጡን ነገር ስትነግረኝ ጎረቤቱ ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል። ፊቴን አዙሬ ወጣሁ። ጾሙ ያዞረኝ መስሏት፣ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ እንጂ እያለች ከኋላዬ ትጣራ ነበር።

በእንየው ደብተር ላይ አራት ዕዳ አለ፤ አራቱም በዘሀራ ስም ነው። ሦስቱ የእሷ ናቸው። አራተኛው የኔ ነው። እሷ ያልበላችው ዕዳ ተጽፎባት አፈር ውስጥ ተኝታለች፤ እኔ ደግሞ የሚስቱን ሐቅ የሚከፍል ደግ ባል ተብዬ እጠራለሁ። እሁድ ቅሬው ይሰበሰባል። ሐዋን አስጠርቻታለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ምስኪን፣ ሌላ መሐላ መስሏት ይሆናል። ቀብሩ ላይ እንደቆምኩት እቆምና፣ ሃያዋ ብር ከዘሀራ ላይ ተነሥታ በኔ ስም ትጻፍልኝ፣ አይጡ እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ሐዋን፣ ስላስማልኩሽም ሌባ ስላልኩሽም አፉ በይኝ እላታለሁ። ካለችኝ አለችኝ፤ ካላለችኝም መብቷ ነው። ይህን ሳስብ ጉልበቴ ቁልቁልም ያመኝ ጀምሯል።

ሦስት መቶ ሰማንያውን ብር መልሼልሃለሁ፤ በሹፌሩ ካፖርት ውስጥ ይመጣልሃል። እንዳትቀየመኝ። ውሉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር ይቀረኛል፣ ሳላቋርጥ እጨርሰዋለሁ። ያ ብር እናትህ ለመሄጃህ የከፈለችው ልክ ነው። አንተ ለመመለሻህ አስቀምጠው። ሹፌሩን አምኜዋለሁ፤ ቢሆንም ስትቀበለው ቁጠረው።

አገባሃት ለተባለችው ልጅ፣ ፊቷን ባላውቀውም፣ የአባት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትንሿን ልጃችሁን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሹፌሩ ስሟን ሳይነግረኝ ቀርቷል፣ ምን ሊደብቀኝ ፈልጎ እንደሆነ እንጃ፣ ስሟን አንተ ጻፍልኝ። ቤታቸውን ላከራዩህ ሰዎች፣ ጨው አብረውህ ለሚጭኑትም ሰላም በልልኝ። ከዚህ ግን ሰላም የሚልህ ሰው የለም፤ መጻፌን የሚያውቅ የለምና። እህትህ ሸሪፋ ሐርቡ ናት፣ ከነልጆቿ ደህና ናት። ብታውቅ ሰላም ትልህ ነበርና የሷን ከኔ ጋር ጨምሬልሃለሁ።

ሹፌሩ የሚነሣው ሰኞ ጠዋት ነው። ይህን ወረቀት የምሰጠው እሁድ ከቅሬው ስወጣ ነው። ሳልናገር ከቀረሁ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። ስለዚህ ልጄ፣ እጅህ ከገባ ተናግሬአለሁ ማለት ነው።

አባትህ

ኮምቦልቻ፣ ሐሙስ ሰኔ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.