ስንኙን የሚዘጋው ስም

ልጄ ኻዲም፣ አላህ በዱባይ ሐሩር ጥላ ይሁንህ፤ ዓይኔ አንተን ሳያይ አይከደን። እኛ አለን። የቤታችን ጎሽ ወልዳለች። ማንጎውን ግን አውሎ ነፋስ አረገፈው። ምሳ ትዘላለህ አሉኝ፤ ተው!

የአባትህን ነገር ልደብቅህ አልችልም። የወልዩን መቃብር በምንዘይርበት በዓል ዕለት እንደ ድሮው ግጥሙን እንዲያሰማ ጋበዙት። በቋንቋችን በሳራይኪ ያ አንጀት የሚበላ ግጥም እንደ ውሃ ወረደለት፤ ሰዉም «ዋህ! ዋህ!» እያለ አደነቀ። ገጣሚ በመጨረሻው ስንኝ ላይ ስሙን ያስገባል አይደል? እዚያ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ቆመ። የገዛ ስሙ ጠፋው። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ባለጌ ሳቀ።

እኔ ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። ከተዳርኩ ጀምሮ እንደ ወጋችን የባሌን ስም ጠርቼ አላውቅም፤ «የኻዲም አባት» ነው የምለው። ያን ዕለት ግን በስሙ ጮክ ብዬ ጠራሁት። አክስትህ «አበድሽ እንዴ?» ብላ ቆነጠጠችኝ። የፈለጉትን ይበሉኝ!

እሱ ወደ መጋረጃው ዞሮ «ደስ የሚል ስም ነው፤ የማን ነው?» አለ።

አላህ ደጅህን ይክፈትልህ፣ በሰላም ይመልስህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ስትደውል በመንግሥት ቋንቋ በኡርዱ አታናግረው፤ ሹም የደወለ እየመሰለው «ጌታዬ» ይልሃል። በልጅነትህ ያስጠናህን ግጥሙን በቋንቋችን በልለት። ስሙ የሚገባበት ቦታ ስትደርስ ግን አንተ አትጥራው። ዝም ብለህ ጠብቀው።

እናትህ ባኽት ማይ