ማሽናቸውን ያጠፉት ወይዘሮ ስመራንዳ ኮዝማ

ወይዘሮ ስመራንዳ ኮዝማ ከአባታቸው ከአቶ ተናሴ ሉፑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓራስኪቫ እ.ኤ.አ. በ1968 በሩማንያ፣ በበርላድ ከተማ አቅራቢያ ባለች መንደር ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ የስፌት ሙያ ተምረው በ1986 በሸሚዝ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1990 ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ኔኩላይ ኮዝማ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጃቸውን ሉክሬጽያን ወለዱ። እሷም አድጋ እዚያው ፋብሪካ ከእናቷ ኋላ ባለው ማሽን ተቀመጠች።

ከስፌቱ መስመር ያለ ፈቃድ መነሣት አይቻልም ነበር። የማህፀን በር ምርመራ የሚሰጠው ክሊኒክ ደግሞ ክፍት የሚሆነው እሳቸው ሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት ብቻ ነበር። ያለ ጊዜው ደም ሲፈሳቸው "ድካም ነው" እያሉ ቆዩ። በ2017 ካንሰር መሆኑ ሲነገራቸው፣ "ሥራዬ ነው ያመጣብኝ?" ብለው ሐኪሟን ጠየቁ።

"የሚያመጣውስ ቫይረስ ነው። ግን ቀደም ብለው ቢመረመሩ ካንሰር ሳይሆን እንደርስበት ነበር። ለምን ቆዩ?"

"ማን ይልቀቀኝ?" አሉ።

ታክመው ወደ ሥራ በተመለሱ በዓመቱ የማህፀን በር ምርመራ የሚሰጥ ተንቀሳቃሽ የሕክምና መኪና ከተማው ገባ። ወይዘሮ ስመራንዳ መኪናው ፋብሪካው ግቢ እንዲቆምና ሴቶቹ በየተራ እንዲወጡ የፈረቃ አለቃውን ግሪጎሬን ለመኑ።

"ዓርብ የሚጫን ዕቃ አለብን፤ በእረፍታቸው ቀን ይሂዱ" አላቸው።

"በእረፍታችን ቀን ክሊኒኩም ያርፋል።"

"ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ስመራንዳ።"

አልተቀመጡም። ማሽናቸውን አጠፉ። አጠገባቸው ያለችው ሴት አንገቷን ደፍታ፣ "ኧረ ያባርሩሻል" አለቻቸው።

"ያባርሩኝ። አንቺ ግን ተመርመሪ።"

ያቺ ሴት ማሽኗን አጠፋች። ቀጥሎ ያለችውም አጠፋች። በመጨረሻ የሚሰማው የሉክሬጽያ ማሽን ብቻ ነበር፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ደመወዝ ነውና መስፋቷን ቀጠለች። እናትየው ዞረው አዩዋት። ሉክሬጽያም አጠፋች። አለቃው የቆሙትን ማሽኖች አየና የግቢው በር ለመኪናው እንዲከፈት አዘዘ።

በዚያ ምርመራ ሉክሬጽያ ላይ ገና ካንሰር ያልሆነ ቁስለት ተገኘ፤ በአጭር ሕክምና ተወገደላት። የእናቷ ሕመም ግን በ2021 አገረሸ። በመጨረሻው ሳምንት ሉክሬጽያ አልጋቸው ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ፣ "ቀጣዩ ቀጠሮሽ መቼ ነው?" አሏት።

"በመጋቢት፣ እማዬ።"

"እንዳትቀሪ።"

ወይዘሮ ስመራንዳ የካቲት 11 ቀን 2022 በተወለዱ በ53 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ሉክሬጽያ ከቀብራቸው በኋላ ባለው ወር በቀጠሮዋ ቀን ክሊኒክ ትገኛለች፤ ለእናቷ ቃል ገብታለች።

አምላክ በደላቸውን ይተውላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።