«ቀሪው» ብለህ የጻፍክበት ካሴት

ከድርዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ባለህበት አላህ ያስፋልህ። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሁለት ረመዳን ያለ አንተ አፈጠርን። በመጀመሪያው ቴምሩን ለሦስት ሰው እያቀረብኩ ሀናን ዝም ብላ ያንተን ድርሻ ትበላልኝ ነበር። በሁለተኛው ለሁለት ሰው ማቅረብ ለመድኩ፤ መልመዴ ራሱ አናደደኝ። ደብዳቤ መጻፍ ሙያዬ እንዳልሆነ ታውቃለህ። የኔ ሥራ ማውራት፣ ያንተ ደግሞ መስማት ነበር፤ ስለዚህ እንደማወራህ ቁጠረው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ሀናን ደህና ናት፣ እዚያው ፋርማሲ ትሠራለች፤ አሁንም ጠዋት አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን ቤት ሙሉ ትፈልጋለች። የኔ የሻሽ ሱቅ አንዋር መስጊድ አጠገብ እንደነበረ ነው። ያንተ ሱቅ ግን መደዳው ሙሉ ፎቅ ሊሠራበት ስለሆነ በዚህ ወር አስረከብን። ጎረቤትህ ጋሼ ወርቁ ትሪና ድስታቸውን ይዘው ወደ ጭድ ተራ በኩል ዞረዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሙዚቃህን ሲሰድቡ ኖረው፣ ባለፈው መንገድ ላይ አግኝተውኝ ያ ዘፋኝ የሌለው ዘፈን ናፈቀኝ አሉኝ። ደግሞ አይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እኔም አለቀስኩ።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ስትጠብቀው የነበረው ሲዲ መጥቶልሃል። መቼ ብትል፣ አንተ በሞትክ በሦስተኛው ሳምንት። ከነላስቲኩ፣ ሳልከፍተው፣ ከሽርጥህ ሥር አስቀመጥኩት። አንድ ዓመት ከምናምን እዚያው ተኛ። ለምን እንዳልከፈትኩት እነግርሃለሁ፣ ግን ከሥሩ ልጀምር፤ የምታውቀውን ነገር ከኔ አፍ መስማት ትወድ ነበር።

ሀናን ገና በሆዴ ነበረች። አንተ የካሴት ማባዣ ሱቅህን ከከፈትክ ሁለት ዓመትህ። አንድ ጸጉሩን የጎነጎነ ፈረንጅ ከህንድ ሲመለስ በአዲስ አበባ አልፎ፣ የሲዲ ማጫወቻው ተበላሽቶበት፣ ይሄን በካሴት ቅዳልኝ ብሎ መጣ። የዚያኑ ዕለት ማታ አውሮፕላን አለው። ጎዋ ትራንስ ይባላል አለህ፤ ጎዋ የሚባል የህንድ የባሕር ጠረፍ አለ፣ ሰዉ አሸዋው ላይ የሚጨፍርበት ሙዚቃ ነው አለህ። ሱቁ ውስጥ የቀረህ ባለ ዘጠና ደቂቃ ካሴት አንድ ብቻ ነበር። ባለ ዘጠናውን ለሱ፣ ባለ ስልሳውን ለራስህ አድርገህ በሁለት የመቅጃ ዴክ እኩል ቀዳህ። ሌላ ሰው ቢሆን ሙሉውን ለራሱ ያስቀር ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ነዘነዝኩህ። ደንበኛ ከኔ ሱቅ ጎዶሎ ይዞ አይወጣም፣ ነበር መልስህ።

ያንተ ደንብ ዘፈን መሀሉ ላይ እንዳይቆረጥ ነው። ካሴቱ የማይበቃ ሲሆን የመጨረሻውን ዘፈን ትተወዋለህ እንጂ አትቆርጠውም። ይሄኛው ግን ዘፈኖቹ አንዱ አንዱ ውስጥ ገብተው መለያያ የላቸውም። የት ላይ እንደምታቆም ግራ ገባህ፤ ለቀቅከው። እናም ሙዚቃው ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ እያለ፣ አሁን ሊመጣ ነው ባልንበት ቦታ ላይ ባለ ስልሳው አለቀ። ቀጭ። ቀሪውን ለፈረንጁ ካሴት ትተህ ወደ ከሰዓቱ የአስር ሶላት ሮጥክ፤ ስትመለስ አልቆ ነበር፣ ፈረንጁም ሲዲውን ይዞ ሄደ።

መጀመሪያ ቤት ይዘኸው ስትመጣ ሳይድ ኤ ሙሉ ዘፋኙ እስኪገባ ስጠብቅ ነበር። ዘፋኝ የለውም አልከኝ። ታዲያ ምኑን ነው የምሰማው፣ ወፍጮ ቤት በለው አልኩህ። ወፍጮ ቤት እንዲህ ቢሆን እዚያ ነበር የምቀጠረው ብለህ ሳቅክብኝ። ቀስ በቀስ ግን ያዘኝ። ሻሽ ሳጣጥፍ እጄ ከሱ ጋር መሄድ ጀመረ። አይተኸኛል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንድም ቀን አላነሳህብኝም። ለዚህ ዝምታህ ዛሬም አመሰግንሃለሁ።

ከሱቅህ ፊት ያለችውን ዳገት ታስታውሳለህ አይደል? ተሸካሚዎቹ ያችን ዳገት ሲወጡ ይሄን ካሴት ክፈትልን ይሉህ ነበር። ዘፋኝ ያለው ዘፈን መሀል ላይ ያልቅና እግራቸውን ያሳስታቸዋል፤ ይሄ ግን ከታች እስከ ላይ ሳያቋርጥ ይሸኛቸዋል። አንተ ከሱቄ አስጠርተህ ነይ እይ ትለኛለህ። ሦስት ሰው ሦስት ሶፋ ተሸክሞ፣ ሦስቱም እግር እኩል ሲነሳ። እንደዚያ ቀን ስትደሰት ያየሁህ ሀናን የተወለደች ዕለት ብቻ ነው።

ስፌቱንም ላንሳልህ። አዛን ሲል በመደዳው ያለ ካሴት ቤት ሁሉ ማጫወቻውን ያጠፋል። ሌሎቹ ግን ቅጂውን በጎን ዝም ብለው ይለቁታል፣ ሥራ ነዋ። አንተ ሲዲውንም ዴኩንም እኩል ታቆምና አዛኑ ሲያልቅ ትቀጥላለህ። ስለዚህ አንተ የቀዳኸው ካሴት ላይ ሙዚቃው አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆምና ይቀጥላል። ስፌት ትለው ነበር። የዚህም ካሴት ሳይድ ቢ ላይ የዚያ ቀን የአስር አዛን ስፌት አለ። ፈረንጁም ያቺን ስፌት ይዞ ነው የሄደው፤ ዛሬም በሕይወት ካለ አንድ ቦታ ላይ ለምን እንደሚቆም ሳያውቅ እየሰማት ይሆናል።

ያ ቀጭ የሚለው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ያንተ ተራ ይጀምራል። ቀሪውን በአፍህ ታንጎራጉረው ነበር። ስትደሰት ረጅም፣ ስትደክም አጭር። ከመጨረሻው ላይ ግን ሁልጊዜ ከበሮ አለህ፤ ጠረጴዛውን እየደበደብክ ሻይ ትደፋለህ፣ እኔ እቆጣለሁ። ሀናን እስክታድግ ድረስ ሙዚቃው የሚያልቀው በኔ ቁጣ ይመስላት ነበር።

ዓመታት አለፉ፣ ካሴትም ቀረ። አንተም የስልክ ሽፋን መሸጥና ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን ጀመርክ። ለካ ያ ሙዚቃ በውጭ አገር እንደ ብርቅ የሚፈለግ ኖሯል፤ የመጀመሪያው እትም ከገበያ ጠፍቶ፣ ድምፁን አድሰው እንደገና አወጡት። ሪማስተር ይባላል ብላ ሀናን በፍላሽ አመጣችልህ። ሸሚዝህን ቀይረህ ተቀመጥክ፣ ልክ እንግዳ እንደሚመጣ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ በበረኪና አጥበውታል አልክ። ሁሉም ድምፅ እኩል ይጮሃል፣ የሩቁ ሩቅ አይደለም። ሀናን ደግሞ ስፌቱ የታል አለች፤ ዓለም ሁሉ ያንን ሙዚቃ ለአዛን አቁሞ የሚሰማው ይመስላት ነበር። ከዚያ ምን አስቸኮላቸው ብለህ ተነሳህ። እንደ ክስ ነው የተናገርከው። ልጅህ በስልኳ ሰዓት ያዘችና የሚዘገየው የቤታችን ቴፕ እንደሆነ አሳየችህ፤ ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ በየዓመቱ እየላላ፣ እኛም ሳናውቀው አብረን እየዘገየን። አንድ ሳምንት ካድክ። እሑድ ቴፑን ፈተህ አየህና መልሰህ ገጠምከው። ላስቲኩን ግን አልቀየርከውም።

ፍላሹን በሰማንበት ቀን ቀጭ የሚለው ቦታ ሊደርስ ሲል ቶሎ ብለህ አጠፋኸው። ሀናን ለመነችህ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው አለችህ። ይህን ያህል ዘመን የጠበቅኩትን በበረኪና የታጠበ አልሰማም አልክ። በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያው ቅጂ ላይ ተጠንቅቀው እንደገና ሊያወጡት ነው የሚል ወሬ ሰማህ። ያዘዝከው ሳይወጣ ነው። ሆስተስ የሆነችው የሀናን ጓደኛ ልታመጣልህ ቃል ገባች፣ አንተም በየሳምንቱ መጣች ወይ እያልክ ልጅቷን አሳቀቅካት።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ለአንድ የታክሲ ሾፌር ፍላሽ ላይ ዘፈን እየጫንክለት ልብህ ቆመ። ጋሼ ወርቁ ደግፈው ይዘውህ ነበር፣ እኔ ከሱቄ ሮጬ ብመጣም በሕይወት አልደረስኩብህም። ሰው ሁሉ አላህ ያሰበው ነው አለኝ፤ ልክ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ቀጭ የሚለውን ድምፅ ነበር። ሳልሰናበትህ፣ ጠዋት በጨው ምክንያት እንደተኮራረፍን።

ሲዲውን ያልከፈትኩት እንግዲህ ለዚህ ነው። ካንተ ጋር ያላለቀ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፣ እሱን ብሰማው ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ሀናን አንድ ቀን ብቻ፣ አባዬ የጠበቀው እንዲቀመጥ አልነበረም አለችኝ። ጮህኩባት። አፉ በለኝ፣ እሷንም ይቅር በይኝ ብያታለሁ።

ሱቁን ስናጸዳ ዴኮቹንና የካሴት ካርቶኖቹን ለቁራሌው ልሰጥ ተስማማሁ። ምን ላድርጋቸው፣ ቤታችን ጠባብ ነው። ሰውዬው ወደ ማዳበሪያው ሲገለብጣቸው አንዱ ካሴት ወደቀና አነሳሁት። ያንተን ልማድ መቼም እጄ አይረሳም፤ ጀርባውን ዳሰስኩት። ያለቀ ሥራ ሰው በላዩ እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ትሰብር ነበር፤ ጥርስ ትላት ነበር። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ሥራው አለቀ ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ተሰብሯል። ይሄኛው ግን ሙሉ ነው። ወረቀቱ ላይ በራስህ እጅ «ቀሪው» ብለህ ጽፈሃል። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ደብዝዟል፤ የጻፍከው ትናንት አይደለም፣ ምናልባትም ፈረንጁ በሄደ ሰሞን ነው። ቤት ሄጄ አሮጌውን ካሴት አየሁት፤ የሱንም ጥርስ አልሰበርክም። ያን ሁሉ ዘመን ሥራው አላለቀም ብለህ ባዶ ካሴት አስቀምጠህ ስትጠብቅ፣ አንተ ሰው፣ እንዴት አንድ ቀን አትነግረኝም?

አንዱን ዴክ ከቁራሌው ማዳበሪያ አስወጣሁት። ቅር አለው፤ በምትኩ አሮጌውን ቴሌቪዥን ሰጠሁትና ታረቅን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሀናን ኮምፒውተሯን ከዴኩ ጋር በሽቦ አገናኘችልኝ። ላስቲኩን ከሲዲው ላይ ቀደድኩት። ካሴት ሙዚቃው እየተሰማ ነው የሚቀዳው፤ ስለዚህ ማምለጫ አልነበረኝም። እንዳስተማርከኝ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ። የመጨረሻው ሙዚቃ ጀመረ። በረኪና የለውም፣ ከድርዬ። የሩቁ ሩቅ ነው፣ የቅርቡ ቅርብ ነው፤ ትወደው ነበር። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ። ቀጭ የሚለው ቦታ ደረሰ። ሀናን እጄን ያዘችኝ። አለፈ።

እዚያው መሀል ላይ የአንዋር አዛን ተሰማ፤ የአስር ሶላት። ተነጋግረን አይደለም፤ እኔ ዴኩን እሷ ኮምፒውተሯን እኩል አቆምን። አዛኑ እስኪያልቅ ጠበቅን። ከዚያ ቀጠልን። አሁን «ቀሪው» ላይም ስፌት አለ።

መጨረሻውን ልንገርህ? አንድም ቀን ገምተህ አላገኘኸውም። ከበሮ የለም። ድምፆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ሄዱ፣ በመጨረሻ የውኃ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ እሱም ቀስ ብሎ ጠፋ። ያን ሁሉ ሻይ በከንቱ ደፋህብኝ። ሀናን ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ያን ሐሙስ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። የፈራሁት ግን አልደረሰብኝም። አለቀ፣ አንተ ግን አላለቅክብኝም።

የሁለቱንም ካሴት ጥርስ በቢላ ጫፍ ሰበርኩ፤ ስብርባሪውን በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩት።

ሲዲውን ለሀናን ሰጠኋት። እኔ እስካለሁ ድረስ የምሰማው ሁለቱን ካሴት ነው፣ በዚያው በላላው ላስቲክ። አሮጌው ቀጭ ሲል «ቀሪውን» አስገባለሁ። ካሴቱን እስክቀይር ያለችውን ጊዜ ግን ማንም እንዳይናገርባት አድርጌያለሁ፣ ሀናንም ታውቃለች፤ ያንተ ናት። እንደ ልማድህ አንጎራጉርባት። ከበሮም ጨምርበት፣ አልቆጣህም።

ያንተው ዘይነባ